ምዕራፍ 6፦ ቆጠራው ከኤክሴል ሲወጣ

በአንድ ጤና ጣቢያ የእናቶች ክፍል በኤክሴል የሚያዝ መዝገብ እናስብ። እያንዳንዱ ረድፍ አንዲት ነፍሰ ጡር ለቅድመ ወሊድ ክትትል የመጣችበትን አንድ ቀን ይይዛል፤ ቀኑን፣ የካርድ ቁጥሯን፣ ቀበሌዋን፣ ከዚህ በፊት የወለደቻቸውን ልጆች ብዛት። ወሩ ሲዘጋ ከወረዳው የሚመጣው ጥያቄ አጭር ነው፤ ስንት እናቶች ክትትል አደረጉ? በጥቅምት 60 ረድፍ ተሞልቷል። ሁለት እናቶች በወሩ ውስጥ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለመጡ እናቶቹ 58 ናቸው። በኅዳር 70 ረድፍ አለ፤ እናቶቹ 66 ናቸው። የሁለቱ ወር አንድ ላይ ሲጠየቅ 58 እና 66 ደምሮ 124 ማለት ይቀናል። ነገር ግን 27 እናቶች በሁለቱም ወር መጥተዋልና መልሱ 97 ነው። የጉብኝቱ ብዛት ደግሞ 130 ነው። 130፣ 124 እና 97 ከአንድ መዝገብ ወጡ፤ የሪፖርቱ ርዕስ "የእናቶች ብዛት" ከሆነ ትክክሉ አንዱ ብቻ ነው።

ይህ ምዕራፍ እንዲህ ያለውን፣ በኤክሴል ለዓመታት ሲሠራ የቆየ ቆጠራ፣ እንደ ፓወር ቢአይ ወዳለ የመረጃ መተንተኛ ስለማዛወር ነው። አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚጀምረው የድሮውን ፋይል ከፍቶ ቀመሮቹን አንድ በአንድ እያየ "ይሄ እዚያኛው ላይ ምን ይባላል?" እያለ ነው። መልሱ ቶሎ ይገኛል፣ ሪፖርቱም ያምራል። ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ቁጥር ከድሮው ጋር አልገጥም ይላል፤ ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ኃላፊው "የምናውቀው ይሻለናል" ይላሉ፣ ሁሉም ወደ ኤክሴሉ ይመለሳል። እንዲህ ተጀምረው የቀሩ ሥራዎች ያሳዝኑኛል። መሣሪያው ምንም አልጎደለውም ነበር። የተዛወረው ቀመሩ ብቻ ሆኖ፣ ቀመሩ ሲመልሰው የኖረው ጥያቄ እዚያው ፋይሉ ውስጥ ስለቀረ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኤክሴል እንዴት እንደሚቆጥር በደንብ እንይ።

ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን በ1979 እ.ኤ.አ. ለአፕል ቱ ኮምፒውተር ቪዚካልክን ሲያወጡ ያመጡት ሐሳብ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ እያንዳንዱ ሴል አድራሻ አለው፣ የአንዱ ሴል ቀመር የሌላውን ሴል ይዘት ማየት ይችላል። ማይክሮሶፍት በ1985 ኤክሴልን መጀመሪያ ለማኪንቶሽ ሲያወጣም የተከተለው ይህንኑ ነው። ካውንትኢፍ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው፤ ሁለት ነገር ይነገረዋል፣ የት እንደሚቆጥርና ምን ዓይነቱን እንደሚቆጥር። ከኤክሴል 2007 ጀምሮ የመጣው ካውንትኢፍስ ደግሞ ብዙ መስፈርት በአንድ ጊዜ ይቀበላል፦ ቀበሌው 05 የሆነ፣ ወሩ ኅዳር የሆነ፣ ጉብኝቱ አራተኛ የሆነ።

የዚህ አሠራር ጥቅም ሁሉም ነገር ዓይን ፊት መሆኑ ነው። ቁጥሩን ትነካላችሁ፣ ቀመሩን ታያላችሁ። ብዙ ሰው ከኤክሴል መላቀቅ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም እረዳዋለሁ። ቀመሩ ራሱ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። "ከዲ2 እስከ ዲ900 ቁጠር" ተብሏል እንጂ ዲ የቀበሌ አምድ መሆኑን አያውቅም። 901ኛው ረድፍ ሲሞላ ቀመሩ አያየውም፣ ማንንም አያስጠነቅቅም። መረጃውን ቴብል አድርጎ በመያዝ ይህን ማስቀረት ይቻላል፤ ቢሆንም በየመሥሪያ ቤቱ የማያቸው ፋይሎች አብዛኞቹ እንዲህ አልተሠሩም። በዚያ ላይ 12 ቀበሌ በ12 ወር ሲሰላ አንዱ ቀመር 144 ሴል ላይ ተገልብጦ ይቀመጣል። ከ144ቱ በአንዱ ላይ አንድ ሰው ቸኩሎ ቁጥር በእጁ ቢጽፍበት ቀመሩ ይጠፋል፤ ሪፖርቱ ግን እንደ ወትሮው ይታተማል።

አንድ ትርጉም፣ ብዙ ቦታ

ፓወር ቢአይ በጁላይ 2015 ነው ለአገልግሎት የቀረበው። የሚጠቀምበት የቀመር ቋንቋ ዳክስ ይባላል፤ ከእሱ ቀደም ብሎ በፓወርፒቮት አማካይነት ከኤክሴል 2010 ጋር መጥቷል። የዳክስ ቀመር በሴል ውስጥ አይቀመጥም፤ ስም ተሰጥቶት ለብቻው ይቀመጣል። ሜዠር ይሉታል። ለመዝገባችን የሚያስፈልጉን ሁለቱ ዋና ሜዠሮች እነዚህ ናቸው፦

የጉብኝት ብዛት = ካውንትሮውስ('ጉብኝቶች')

የእናቶች ብዛት = ዲስቲንክትካውንት('ጉብኝቶች'[ካርድ ቁጥር])

የፈንክሽኖቹን ስም እዚህ በፊደላችን ጻፍኩት እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት። የሰንጠረዡንና የአምዱን ስም ግን ፓወር ቢአይ በአማርኛም ይቀበላል፤ በአማርኛ እንድትሰይሙ እመክራለሁ፣ ሪፖርቱን የሚያነቡት ሰዎች የሚያውቁት ስም ነውና። የመጀመሪያው ሜዠር ረድፎችን ይቆጥራል። ሁለተኛው የተደጋገሙ የካርድ ቁጥሮችን አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጥራል። በኤክሴል ይህን ሁለተኛውን ለማግኘት ሰምፕሮዳክትንና ካውንትኢፍን የሚያጣምር፣ ጽፎት ለሄደው ሰው ብቻ የሚገባ ረጅም ቀመር ይጻፍ ነበር።

ሁለቱንም ደግማችሁ እዩአቸው። ቀበሌ የሚል የለም፤ ወር የሚል የለም። ታዲያ የ05 ቀበሌን የኅዳር ቁጥር ከየት ያመጡታል? ከሪፖርቱ። ቀበሌዎቹን በረድፍ፣ ወራቱን በአምድ ስታስቀምጡ እያንዳንዱ መገናኛ እንደ ወንፊት ይሠራል፤ የ05ን የኅዳር ረድፎች ብቻ ያሳልፍና ሜዠሩ ያለፉትን ይቆጥራል። ቀጥሎ ባለው መገናኛ ወንፊቱ ይለወጣል እንጂ ሜዠሩ ያው ነው። ባለሙያዎቹ ፊልተር ኮንቴክስት የሚሉት ይህንን ነው፤ ከኤክሴል የመጣ ሰው መጀመሪያ ሊረዳው የሚገባው ነገርም ይኸው ነው። 144 ሴል ላይ የነበረው ቀመር አንድ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ይጻፋል። ስሕተት ካለበት ሁሉም ቦታ ላይ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ይታያል፤ ሲታረምም ሁሉም ቦታ ላይ ይታረማል።

የድምሩ ረድፍ ላይ የሚነሣው ግርታም የሚፈታው በዚህ ነው። ጥቅምት 58፣ ኅዳር 66፣ ድምር 97። ሪፖርቱን መጀመሪያ የሚያይ ሰው "ድምሩ ተሳስቷል" ይላል። አልተሳሳተም። ድምሩ የላይኞቹ ቁጥሮች ድምር አይደለም፤ የወር ወንፊት በሌለበት ሜዠሩ እንደገና የቆጠረው ነው። አንዲት እናት በጥቅምትም በኅዳርም ብትመጣ አንዲት እናት ናት። በኤክሴል ዘመን ዓመታዊው የእናቶች ቁጥር የየወሩ ድምር ሆኖ ተልኮ ከነበረ፣ የተላከው የእናቶች ቁጥር አልነበረም ማለት ነው። ይህን ለኃላፊዎች ማስረዳት ከቴክኒኩ ሥራ ይከብዳል፤ ግን ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት መነገር አለበት።

ተጨማሪ መስፈርት ሲያስፈልግ ካልኩሌት የሚባለው ፈንክሽን አለ፦

አራተኛ ጉብኝት = ካልኩሌት([የጉብኝት ብዛት]፣ 'ጉብኝቶች'[ተራ] = 4)

የካውንትኢፍስ እውነተኛ ምትክ ይህ ነው። ቀድሞ በሠራነው ሜዠር ላይ አንድ ማጣሪያ ይጨምርበታል፤ ቀበሌውንና ወሩን እንደ ቀድሞው ለሪፖርቱ ይተዋል።

ረድፉ ቅደም ተከተል የለውም

"ተራ" የሚለው አምድ ግን ከየት መጣ? እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው።

የጉብኝት ተራ ለጤና ባለሙያው ትልቅ ትርጉም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ያወጣው አሠራር አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ አራት ጊዜ እንድትታይ ይል ነበር፤ በ2016 ወደ ስምንት አሳደገው። ስለዚህ ስንቶች ጀመሩ፣ ስንቶች አራተኛው ላይ ደረሱ፣ ስንቶች መንገድ ላይ ቀሩ የሚለው የሥራው ልብ ነው። በኤክሴል ተራውን ለማውጣት የሚሠራበት ብልሃት የታወቀ ነው። ካውንትኢፍ ከመጀመሪያው ረድፍ አንሥቶ እስከ አሁኑ ረድፍ ድረስ ብቻ ያለውን እንዲቆጥር ይደረጋል፤ የመነሻው አድራሻ በዶላር ምልክት ይታሰርና የመድረሻው ይለቀቃል። ቀመሩ ወደታች ሲጎተት ክልሉ እየሰፋ ይሄዳል፤ የካርድ ቁጥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ 1፣ ሲደገም 2 ይላል።

ብልሃቱ የሚሠራው ረድፎቹ በቀን ቅደም ተከተል እስከተቀመጡ ብቻ ነው። አንድ ሰው ፋይሉን በቀበሌ ቢደረድረው የኅዳሩ ጉብኝት ከጥቅምቱ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ጉብኝት አንደኛ ይባላል። ቀመሩ አልተበላሸም፣ ቀይ ምልክትም አይወጣም። መልሱ ብቻ ተለውጧል። ሌላው ክብደቱ ነው፤ በ100,000 ረድፍ ላይ ይህ ቀመር በመርህ ደረጃ 5 ቢሊዮን ገደማ ንጽጽር ይጠይቃል። ፋይሉ ሲከፈት ኮምፒውተሩ ለምን እንደሚቆም ከዚህ ይገባናል።

ፓወር ቢአይ ውስጥ "ከዚህ በላይ ያለው ረድፍ" የሚባል ነገር የለም። ኤድጋር ኮድ በ1970 ለዳታቤዝ መሠረት የሆነውን ጽሑፉን ሲያወጣ ካስቀመጣቸው ሐሳቦች አንዱ የረድፎች አቀማመጥ ትርጉም እንደሌለው ነው፤ ሰንጠረዥ የእውነቶች ስብስብ ነው፣ ማን ከማን በፊት እንደሆነ ማወቅ ከተፈለገ መረጃው ራሱ ሊናገር ይገባል። ፓወር ቢአይም በዚሁ ይሄዳል። ስለዚህ በፓወር ቢአይ የተራው አምድ የሚጠይቀው እንዲህ ብሎ ነው፦ ከጉብኝቶቹ ሁሉ ካርድ ቁጥራቸው ከዚህ ረድፍ ጋር አንድ የሆነውን፣ ቀናቸውም ከዚህ ረድፍ ቀን የማያልፈውን ቁጠር። ካውንትሮውስና ፊልተር ተጣምረው ይሠሩታል። አቀማመጡ ቢገለባበጥ ውጤቱ አይለወጥም። መረጃው በመቶ ሺዎች ሲቆጠር ግን ይህም ይከብዳልና ተራው ቀድሞ በፓወር ኩዌሪ፣ ማለትም መረጃው ወደ ፓወር ቢአይ ሲገባ በሚስተካከልበት ክፍል፣ ወይም በዳታቤዙ ቢወጣ ይሻላል።

ጥያቄውን በቃል ስናስቀምጠው ሌላ ጉድለት ብቅ ይላል። ከሁለት ዓመት በፊት አራት ጊዜ መጥታ የወለደች እናት ዛሬ በአዲስ እርግዝና ስትመጣ ተራዋ ስንት ነው? የኤክሴሉ ቀመር 5 ይላታል፤ እውነቱ 1 ነው። ካርድ ቁጥሩ እናቲቱን ይለያል እንጂ እርግዝናዋን አይለይም። ስለዚህ መዝገቡ የእርግዝና ቁጥር ወይም የመጨረሻው የወር አበባ ቀን የሚያዝበት አምድ ይፈልጋል፤ ቆጠራውም በካርድና በእርግዝና አንድ ላይ መሆን አለበት። የድሮው ፋይል የአንድ ዓመት ብቻ ስለነበር ጉድለቱ ተሸፍኖ ኖሯል። አምስት ዓመት በአንድ ላይ ስንጭን ነው የሚጋለጠው።

ከማንኛውም ዝውውር በፊት በወረቀት ላይ መጻፍ ያለበት ዓረፍተ ነገር "አንድ ረድፍ ማለት . . . ነው" የሚለው ነው። አንድ ጉብኝት ነው? አንዲት እናት ናት? አንድ እርግዝና ነው? ይህን መጻፍ ያልቻለ ቡድን ገና ፓወር ቢአይን መክፈት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ዜሮ፣ ባዶ እና 05

ሁለቱ መሣሪያዎች ተመሳሳይ በሚመስል ጥያቄ ላይ የሚለያዩባቸው ቦታዎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሰው ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለውን አስቀድማለሁ።

በኅዳር በአንድ ቀበሌ አራተኛ ጉብኝት ላይ የደረሰች እናት ባትኖር ካውንትኢፍስ 0 ይጽፋል። የፓወር ቢአይ ካውንትሮውስ ግን የሚቆጥረው ሲያጣ ባዶ ነው የሚመልሰው፤ ሪፖርቱም ውጤቱ ባዶ የሆነውን ረድፍ አያሳይም። ያ ቀበሌ ከሰንጠረዡ ይጠፋል ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ሊታይ የሚገባው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነገ ጠዋት ልትሄድበት የሚገባው ቀበሌ፣ ሪፖርቱ ላይ የለም። መፍትሔው ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ የቀበሌዎቹ ዝርዝር ከጉብኝቱ መዝገብ ተለይቶ በራሱ ሰንጠረዥ ይያዝና ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ፤ ምንም ጉብኝት የሌለው ቀበሌ ስሙ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሜዠሩ ላይ 0 ይደመርበት ወይም ኮአለስ በሚባለው ፈንክሽን ባዶው ወደ ዜሮ ይቀየር።

ተቃራኒው ችግርም አለ። "ከዚህ በፊት የወለደቻቸው ልጆች" በሚለው አምድ 0 ማለት የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ ባዶ ማለት አልተጠየቀችም ወይም አልተጻፈም። ካውንትኢፍ 0ን ቁጠር ሲባል ባዶ ሴሎችን አይቆጥርም። ዳክስ ግን በአንድ እኩል ምልክት ሲጠየቅ ባዶውንም እንደ 0 ይቆጥረዋል፤ ያልተጠየቁት እናቶች በሙሉ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ሆነው ይወጣሉ። እውነተኛውን ዜሮ ብቻ ለማግኘት እኩል ምልክቱ ሁለት ጊዜ ተደርቦ ይጻፋል። ዲስቲንክትካውንትም እንዲሁ ባዶን እንደ አንድ ዋጋ ይይዛል። አምስት ረድፎች ካርድ ቁጥር ባይኖራቸው አምስቱ አንድ ላይ እንደ አንዲት እናት ይቆጠራሉ። ባዶውን የሚተው ሌላ ፈንክሽን፣ ዲስቲንክትካውንትኖብላንክ፣ አለ፤ ካርድ ቁጥር የሌላቸው ረድፎች ግን ለብቻቸው ተቆጥረው ለመዝገብ ክፍሉ ቢነገሩ ይበልጥ ይጠቅማሉ።

ወደ 05 እንምጣ። ካውንትኢፍ ቁጥር የሚመስል ጽሑፍ ሲያገኝ እንደ ቁጥር ያየዋል። "05"፣ "5" እና ቁጥሩ 5 ለእሱ አንድ ናቸው። በዚህ ባሕርይው ዓመታት ሙሉ የጸሐፊዎችን አለመግባባት ሲሸፍን ኖሯል፤ አንዱ 05፣ ሌላው 5 እያለ ቢጽፍም ቁጥሩ ይገጥም ነበር። ፓወር ቢአይ አምዱን ጽሑፍ ብሎ ከያዘው "05" እና "5" ሁለት ቀበሌ ይሆናሉ። አምዱን በራሱ ጊዜ ወደ ቁጥር ከለወጠው ደግሞ የካርድ ቁጥሮች መነሻ ዜሮ ይጠፋል፤ 0412 የነበረው 412 ይሆናል። ፓወር ኩዌሪ ፋይሉን ሲያነብ የአምዱን ዓይነት ገምቶ የመለወጥ ልማድ አለው። መጀመሪያ የምትመረምሩት ደረጃ ይህ ይሁን፤ ካርድ ቁጥር፣ ስልክ፣ ቀበሌ እና የመሳሰሉት የማይደመሩ ቁጥሮች ሁሉ ጽሑፍ ሆነው ይያዙ።

የፊደላችን ጉዳይ

በአማርኛ የሚያዝ መረጃ የራሱ ፈተና አለው፤ የውጭ አገር መማሪያዎች አያነሡትም። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ እና አዋሳ ለአንባቢ አንድ ከተማ ናቸው። ለኮምፒውተር ሦስት ናቸው። ዓለም ገናና አለም ገና፣ ፀሐይና ጸሀይ እንዲሁ። በኤክሴል ሪፖርት ላይ የቦታዎቹ ስም በእጅ የተጻፈ ስለሆነ ካውንትኢፍ የሚያገኘው በዚያው ፊደል የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ሌላው ሳይቆጠር ይቀራል፣ መቅረቱም አይታይም። ፓወር ቢአይ ላይ ሦስቱም ተዘርዝረው ይወጣሉ። የሚያሳፍር ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከዝውውሩ ትልልቅ ጥቅሞች አንዱ ነው፣ ጉድለቱ በዓይን ታይቷልና።

አንዳንዶች ፓወር ኩዌሪ ላይ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እየቀየሩ ያቀናሉ። ለማነጻጸሪያ በተለየ አምድ ላይ ከሆነ ጥሩ ዘዴ ነው፤ የመጀመሪያው አጻጻፍ ግን መጥፋት የለበትም፣ በተለይ የሰውና የቦታ ስም ሲሆን። ከዚህ የሚሻለው ቦታውን በኮድ መያዝና ስሙን ከቦታዎች ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ማምጣት ነው። ከቃላቱ በፊት የሚገባ ክፍት ቦታም ስሙን ለሁለት ይከፍላል፤ ትሪም የሚባለው ትእዛዝ ያጸዳዋል።

የቀን አያያዙ ከፊደሉ የባሰ ነው። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። በቀን፣ በወርና በዓመት ቅደም ተከተል በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ 12/2/2016 ብለን ጥቅምት 12ን ስንጽፍ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2016 አድርጎ ይይዘዋል። ጥቅምት 30ን፣ ማለትም 30/2/2016ን፣ ስንጽፍ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ስለዚህ በአንድ አምድ ውስጥ ከፊሉ ቀን፣ ከፊሉ ጽሑፍ ይሆናል። ወሩ በሚቀድምበት አቀማመጥ ደግሞ ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ተብሎ የተጻፈው 3/13/2015 ማርች 13 ሆኖ ያርፋል።

የሚሠራው መንገድ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በሦስት አምድ መያዝና 20160230 እንደሚለው ባለ ስምንት አሃዝ ቁልፍ ማገጣጠም ነው። ከዚያ አንድ የቀናት ሰንጠረዥ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ፣ በሁለቱም አቆጣጠር። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ከኖቬምበር 10 ቀን 2023 ጋር በአንድ ረድፍ ላይ ይቀመጣል። መሥራቱ አያስቸግርም፤ 12ቱ ወራት 30 30 ቀን ናቸው፣ ጳጉሜን 5 ናት፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ 6 ትሆናለች። ፓወር ቢአይ ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ዛሬ ያለውን የሚያሰሉ ፈንክሽኖች አሉት፤ የተሠሩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቢሆንም የዓመቱን መዝጊያ ቀን መንገር ይቻላል። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ ማለትም ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7፣ ስለሆነ መዝጊያው ጁላይ 7 ነው። በጤናው ዘርፍ የሪፖርት ወር ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ድረስ የሚቆጠርበት አሠራርም አለ፤ ለዚህ በቀናት ሰንጠረዡ ላይ "የሪፖርት ወር" የሚል አንድ አምድ መጨመር ብቻ ይበቃል። በኤክሴል ይህ ለየወሩ የተለየ ክልል መርጦ መቁጠርን ይጠይቅ ነበር።

ድሮውንና አዲሱን ማስታረቅ

"ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ኤክሴሉ ይበቃን የለም?" ለሚል፣ መልሴ እንደ ሥራው ይለያያል የሚል ነው። የአንድ ክፍል፣ የአንድ ዓመት መዝገብ በኤክሴል ቢቆይ ምንም አይደለም። ከብዙ ጤና ጣቢያ የሚሰበሰብ ሲሆን ግን የኤክሴል ወሰን ቀልድ አይደለም። በድሮው የፋይል ዓይነት አንድ ሺት የሚይዘው 65,536 ረድፍ ነበር፤ ከ2007 ወዲህ 1,048,576 ነው። በእንግሊዝ በ2020 የሕዝብ ጤና ተቋሙ ከላቦራቶሪዎች የሚመጣውን የኮቪድ ውጤት በድሮው የፋይል ዓይነት ሲያሰባስብ ቦታው ሞልቶ የተረፉት ረድፎች ተቆርጠው ቀሩ። ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ባለው ጊዜ 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ውጪ ሆኑ፤ ከእነሱ ጋር የተገናኙትን ሰዎች የማፈላለጉም ሥራ ዘገየ።

ለመዛወር ከተወሰነ ግን ድሮው ፋይል በአንድ ቀን አይዘጋ። ሁለቱ ቢያንስ ለሁለት የሪፖርት ወር ጎን ለጎን ይሂዱ፣ ቁጥሮቹም በየቀበሌው ይነጻጸሩ። አጠቃላይ ድምር ብቻ ማነጻጸር አይበቃም፤ አንዱ ቀበሌ ላይ የጎደለው ሌላው ላይ ተርፎ ድምሩ ሊገጥም ይችላል። ልዩነት ሲገኝ አዲሱን ከድሮው ጋር እንዲገጥም መጠምዘዝ ትልቅ ጥፋት ነው። ልዩነቱ ወደሚገኝበት ረድፍ ድረስ ውረዱ፤ 05 እና 5 ሊሆን ይችላል፣ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ አምስተኛ የተባለች የመጀመሪያ ጉብኝት ልትሆን ትችላለች። ተሳስቶ የኖረው ድሮው ከሆነ በግልጽ ተጽፎ ለወረዳው ይነገር። ያለፈው ዓመት ቁጥር ተሳስቶ እያለ ከዘንድሮው ጋር ቢነጻጸር፣ ክትትል ያቋረጡ እናቶች የበዙ ወይም ያነሱ መስሎ ይታያል፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ሠራተኛ ይመደባል፣ መድኃኒት ይታዘዛል።

መረጃውን ስትጭኑ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ለመቁጠር የእናቲቱ ስም አያስፈልግም፤ ስልኳም፣ የቤት ቁጥሯም አያስፈልግም። በኤክሴል ፋይሉ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር፤ ፓወር ቢአይ ደግሞ የተሠራው ለብዙ ሰው ለማጋራት ነው። ሪፖርቱን የሚያይ ሰው ፈቃዱ ከተሰጠው ከግራፉ ጀርባ ያለውን ዝርዝር ማውረድ ይችላል፤ "ፐብሊሽ ቱ ዌብ" የሚለው ምርጫ ደግሞ ሪፖርቱን ለዓለም ሁሉ ያለ የይለፍ ቃል ይከፍተዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግም ጉዳይ ነው። ስለዚህ ስሙን፣ ስልኩንና አድራሻውን ፓወር ኩዌሪ ላይ በመጀመሪያው ደረጃ አስወግዱ፤ የካርድ ቁጥሩንም በሌላ መለያ ተኩት። 97ቱ እናቶች ያለ ስማቸውም 97 ናቸው።